ብረት የዋጡ ጥዶች

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 8 ቀን 1992 ወንድሜ ኦንትሬ መሰንጠቅ የጀመረው ግንድ እስካሁን በመጋዙ ጋሪ ላይ እንደተጋደመ ነው። የግንዱ ርዝመት አራት ሜትር ከሃያ ሳንቲም ነው። መጋዙ አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት ገብቶ ቆሟል። ቀሪው ሁለት ሜትር ከሰባ ሰባት አልተነካም። የለካሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ።

ያ ግንድ ሦስት የወለል ጣውላ ይወጣው ነበር። ከአጠገቡ የተደረደሩት ሁለቱም እንዲሁ ሦስት ሦስት። በእናታችን ክፍል ወለሉ ሠላሳ አንድ ጣውላ ይፈልጋል፤ ሃያ ሁለቱ ተነጥፈዋል፣ ዘጠኝ ጎድለዋል። በጎደለው በኩል አግዳሚዎቹና በመካከላቸው ለሙቀት የተሞላው ሰጋቱራ ይታያሉ።

ሥራዬ በቤተ መዛግብት መዝገብ መጠበቅ ነው። ስለ ወንድሜ የምጽፈውን ያገኘሁት ከራሱ ደብተር፣ ከጎረቤታችን ከታውኖና ከገዛ ዓይኔ ነው። የማላውቀውን አላውቀውም ብዬ አልፋለሁ።

ኦንትሬ የተወለደው በፌብሩዋሪ 1940 ነው፣ እናታችን ፓላጋ ከጦርነቱ ሸሽታ በሰው ቤት በተጠለለችበት ወቅት። መንደራችን ሙስታላምፒ ከምሥራቁ ድንበር አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ይርቃል። በ1944 በጋ ከቤታችን ጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ሁለቱ ጦሮች ዘጠኝ ቀን ተዋጉ። ቤቱ ተቃጠለ። ወላጆቻችን በዓመቱ ሲመለሱ የጭስ ማውጫው ብቻውን ቆሞ አገኙት። አባታችን ሚህካሊ ቀጫጭን ግንድ ደርድሮ፣ ክፍተቱን በዛፍ ሽበት ደፍኖ፣ ለአምስት ዓመት ይበቃናል ያለውን ጎጆ ሠራ። ጎጆው አርባ ስድስት ዓመት አገለገለ። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው።

ኮረብታው ላይ ያሉት ጥዶች አልሞቱም። የመድፍ ፍንጣሪ በየግንዳቸው ገብቶ ቀረ፤ ቁስላቸው ሙጫ አነባ፤ ከዚያ ቅርፊታቸው ከደነው። አባታችን ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ሁለት ጸደዮች፣ በግቢያችን ዙሪያ ያሉትን አሥራ ሁለት ጥዶች አንድ በአንድ መረመረ። ሙጫ ያነባውን ቦታ ሁሉ በመሮ ፈልፍሎ ብረቱን በጉጠት አወጣ፤ ቀዳዳውን በእንጨት ሽብልቅ ወትፎ ሬንጅ ቀባው። የወጣውን ብረት በጣሳ ሰብስቦ ከበረቱ ጀርባ ቀበረ። "እነዚህ ንጹሕ ናቸው፤ ልጆቼ ይቆርጧቸዋል" ይል ነበር። የኮረብታውን ግን አልሞከረም። የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃውም።

አባታችን በ1961 በሳንባ ምች ሞተ። ኦንትሬ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ አባወራ ሆነ። ክረምት ክረምት ለኩባንያ ዛፍ ይጥላል፤ በጸደይ ግንድ በወንዝ ያወርዳል፤ በወንዝ ማውረዱ ሲቀር የተሰበረ የእርሻ መሣሪያ እየጠገነ ኖረ። አንድ ጊዜ አጭቶ ነበር። ልጅቷ ስዊድን ፋብሪካ ገባች፤ "ና" አለችው፤ እናቱን ትቶ አልሄደም። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በከተማ ቀረሁ። ሁለታችንም እናታችንን እንወዳት ነበር፤ አብሯት የኖረው ግን እሱ ነው።

ኖቬምበር 1991 ላይ እናታችን ከመኝታዋ ተነስታ ስትራመድ ወደቀች። ወለሉ ላይ በረዶ ነበር፤ ከውጭ በጫማ የገባ አይደለም፣ ከታች በበሰበሰው ጣውላ በኩል ሰርጎ ቤት ውስጥ የረጋ። የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ከሆስፒታል ስትወጣ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ትንሽ ከተማ ወዳለው የአረጋውያን ቤት ገባች። የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ነበረች፤ አእምሮዋ እንደ መርፌ የተሳለ። ፈርሜ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ኦንትሬ እስክሪብቶውን አልነካም።

በየሳምንቱ ሊጠይቃት ይሄድ ነበር።

"ምን ይሰጡሻል?" ይላታል።

"ገንፎ።"

"ደህና ነው?"

"ለእነሱ ደህና ነው። እኔ ግን ልሞት እዚህ አልመጣሁም፤ ልታከም ነው የመጣሁት። መቼ ነው የምትወስደኝ?"

በጃንዋሪ የቤቱን ኃላፊ ሲስተር ኬርቱን ሄዶ አነጋገረ። እሷ ያለችውን ደብተሩ ላይ ቃል በቃል ጽፎታል፤ ወንድሜ ሌላ ሰው የተናገረውን ሲጽፍ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"እናትዎን ያለ ፈቃዷ አላስቀምጥም" ብላዋለች። "ግን እዚያ ጎጆ ውስጥም አልመልሳትም። ሁለት የሚሞቁ ክፍሎች፣ ደረቅ ወለል፣ ከውስጥ መጸዳጃ። ኦክቶበር 12 እኔው ራሴ መጥቼ አያለሁ። ወረፋ የሚጠብቁ አሥራ አራት ሰዎች አሉብኝ፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉ ወይ የሷ ነው ወይ የሌላ።"

"ወለሉ ምን ያህል ሙሉ መሆን አለበት?"

"እንዴት ምን ያህል? ሙሉ ነዋ።"

ስለዚህ ቤት መሥራት ነበረበት። ዛፍ ሞልቶታል፤ ጣውላ የለውም። በእኛ አገር ይህ ችግር አይደለም፤ ግንድ ለኩባንያ ትሰጣለህ፣ የተሰነጠቀ ጣውላ ትወስዳለህ። ፌብሩዋሪ ላይ የኩባንያው ሰው መጣ፤ ወጣት፣ አዲስ ቦት ጫማ ያደረገ። ታውኖ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይሰማ ነበር። ታውኖ የስድሳ ሰባት ዓመት ሰው፣ ጡረታ የወጣ የድንበር ጠባቂ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር የቅርብ ጎረቤታችን ነው።

ሰውየው ኮረብታውን ቀና ብሎ አየው። "ጦርነቱ እስከዚህ ደርሶ ነበር እንዴ?"

"ዘጠኝ ቀን አድሮ ሄዷል" አለ ኦንትሬ።

"እንግዲያው ይቅርታዎን፣ ጋሼ፣ አንድም ግንድ አልወስድም። አንዲት ፍንጣሪ የፋብሪካውን መጋዝ ትጨርሰዋለች።"

"ዛፎቹ አርባ ስምንት ዓመት ችለውታል።"

"ዛፍ ይችላል። መጋዝ አይችልም።"

"ታዲያ ምን ላድርጋቸው?"

"ያንድዷቸው።"

በአካባቢው የራሳቸው መጋዝ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች ነበሩ። ሁለቱም የኮረብታውን ስም ሲሰሙ እምቢ አሉ። በማርች የመጀመሪያ ሳምንት በኦንትሬ ደብተር ላይ አዲስ ገጽ ይጀምራል። ከላይ "መጋዝ" የሚል አንድ ቃል አለ፤ ከሥሩ የጎደሉ ዕቃዎች ዝርዝር።

ግንዱን ወደ መጋዝ የሚያወርድ ጉልበት ያለው ትራክተር አልነበረውም፤ ኮረብታው ቋጥኝ ነው። ስለዚህ መጋዙ ራሱ ወደ ግንዱ የሚሄድ መሆን ነበረበት። ሜዳ ላይ የተጣለ አሮጌ አውቶቡስ ሻንሲ ቆርጦ ከነኋላ ጎማዎቹ ወሰደ። ሻፍቱን ከእህል መውቂያ ማሽን ፈታ፤ ሁለት ኩሽኔታ ገዛ። ጋሪው የሚሄድበት ሀዲድ ጦሩ ጥሎት ከሄደው ጠባብ የባቡር መስመር የተነቀለ ነው። ኃይሉ ከራሱ ደካማ አሮጌ ትራክተር በቺንጋ ይመጣል። መጋዙ ክብ ነው፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው። በሌላ መንደር ካለች አንዲት ባሏ ከሞተባት ሴት አገኘው፤ ሁለት ሳምንት ማገዶ ፈለጠላት። ይህን መጋዝ የመረጠበት ምክንያት ነበረው። ጥርሶቹ እየተነቀሉ የሚተኩ ናቸው፤ ብረት ቢያገኘው መጋዙ አይሞትም፣ አንድ ጥርስ ይሰበራል እንጂ። በእሱና በመጋዙ መካከል ከተጣለ የእንፋሎት ጋን የቆረጠውን ወፍራም ብረት አቆመ። ብረቱ እስከ ደረቱ ይከልለዋል። ከዚያ በላይ ግንዱን ማየት ስላለበት ክፍት ነው።

ታውኖ በየቀኑ ይመጣ ነበር፤ ለማገዝ ነው ይላል።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለው ሻንሲው ላይ ሻፍቱ የተሰካ ዕለት።

"መጋዝ።"

"እኔ ደግሞ አውቶቡስ መስሎኝ ትኬት ልቆርጥ ነበር።"

"አንተን አሳፍሬ ወዴት እሄዳለሁ? ያንን ቡሎን አቀብለኝ።"

"ስንት ጥርስ አለው?"

"አርባ።"

"የእኔና ያንተ ቢደመር አይደርስበትም።"

"የኔ ሙሉ ነው። ያንተን ቀንሰህ ቁጠር።"

ብየዳው ሦስት ጊዜ ተሰነጠቀ። ሻፍቱ በግማሽ ሚሊ ሜትር ጠማማ ስለነበር የመጀመሪያው ጣውላ በአንድ ጫፍ ሦስት፣ በሌላው አምስት ሳንቲም ሆኖ ወጣ። ታውኖ አንስቶ በአንድ ዓይኑ አየው።

"ድንቄም ኢንጂነር። ጣውላ ነው ወይስ ሽብልቅ?"

"ውሰደው፤ በርህ ሥር ትሸጉጠዋለህ።"

ኦንትሬ ሁሉንም ነገር ፈታና እንደገና ጀመረ። አስተካክሎ እስኪጨርስ አምስት ሳምንት ፈጀበት። ደብተሩ ላይ "ጁን 17። ቆረጠ" ይላል፤ ሌላ ቃል የለም። ታውኖ እንደነገረኝ ያን ዕለት ጣውላውን በመዳፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዳብሰው ቆይቶ፣ ትራክተሩን አጥፍቶ፣ የአጃ ዳቦና የጨው ዓሣ አምጥቶ በሰጋቱራው ላይ ተቀምጠው በሉ።

ከዚያ ኮረብታውን ያዙት። ታውኖ ከድሮ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ የፈንጂ መፈለጊያ ተውሶ አመጣ። አሠራራቸው ይህ ነበር። ግንዱን ሳይሰነጥቁ ታውኖ ማዳመጫውን በጆሮው ላይ አድርጎ ማሽኑን ከሥር እስከ ጫፍ ያሳልፍበታል። በጮኸበት ቦታ በጠመኔ ክብ ያደርጋል። ኦንትሬ በመሮ ፈልፍሎ ያወጣዋል። ማሽኑ ግን ከአንድ ስንዝር በላይ ጠልቆ ያለውን አይሰማም፤ ስለዚህ አንድ ጣውላ በወጣ ቁጥር መጋዙ ይቆማል፣ አዲሱ ፊት እንደገና ይፈተሻል፣ ምልክት ይደረግበታል፣ ይፈለፈላል። በሌላ ሰው መጋዝ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ግንድ እዚህ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ደብተሩ ሰባ አንድ ግንድ፣ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ፍንጣሪና አሥራ ዘጠኝ የተሰበረ ጥርስ ይቆጥራል። ሰባቱ ጥርሶች ተስፈንጥረው የእንፋሎት ጋኑን ብረት መትተዋል። ምልክታቸው ይታያል፤ ከሰባቱ አንዱ ከላይኛው ጠርዝ በታች አራት ሳንቲም ላይ ነው።

በኦገስት ለሁለት ቀን ሄድኩ። ግድግዳው ቆሞ ነበር፤ ጣሪያውም። ኦንትሬ ከስቷል፤ የግራ እጁ ሌባ ጣት ጥፍር ጠቁሯል። ለራት ድንች ቀቅሎ አቀረበልኝ።

"ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው?" አልኩት። "የወለሉን ጣውላ እኔ ልግዛ። በመኪና አስመጣለሁ፤ በአንድ ቀን ያልቃል።"

"እማ ጠይቃኛለች። ከየትኛው ዛፍ ነው የምትሠራው አለችኝ።"

"ታዲያ?"

"ነገርኳት። አሁን የተገዛ ነው ብላት ታዝንብኛለች።"

"ወለሉ አለቀ ወይስ አላለቀ እንጂ ሲስተሯ ከየት ነው ብላ አትጠይቅም።"

ሌላ ድንች አንስቶ ላጠ። "ዳርያ፣ አንቺ ፈርመሽ አስገባሻት። እኔ ደግሞ ሠርቼ ላውጣት።"

በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ቢቆጣ መልስ እሰጠው ነበር። በማግስቱ ተመለስኩ። ጣውላውን ሳልነግረው ገዝቼ ብልክ ኖሮ መልሶ አይጭነውም ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ይህ ግን በሰነድ የሚረጋገጥ ነገር አይደለም።

ሴፕቴምበር በዝናብ አለቀ። ቺንጋው ሲረጥብ ስለሚንሸራተት አሥራ አንድ ቀን አልሠራም። ምድጃው ተሠራ፤ መጸዳጃው ተገጠመ፤ ወጥ ቤቱ አለቀ። የእናታችን ክፍል ቀረ። ኦክቶበር 7፣ ረቡዕ፣ ዘጠኝ ጣውላ ጎድሎ ሲስተር ኬርቱ ልትመጣ አምስት ቀን ቀረ። ከመጣሉና ከመላጡ ጋር የኮረብታው ግንድ በቀን ሁለት እንኳ አያልቅም፤ ደግሞም እርጥብ ነው።

ለመጨረሻ ያስቀመጣቸው ሦስት ግንዶች ነበሩት። አባታችን ካጸዳቸው ጥዶች ሦስቱን በማርች ጥሎ፣ ቅርፊታቸውን ልጦ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ሲያደርቃቸው ከርሟል። ልባቸው ቀይ፣ የዕድሜ ቀለበታቸው ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ነው። እናታችን ከአልጋዋ ስትወርድ እግሯ የሚያርፍበት ቦታ ከእነሱ እንዲሆን ፈልጎ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ሁለቱ ሰዎች ግንዶቹን መጋዙ አጠገብ አንከባለው አመጡ። ታውኖ ማሽኑን ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

"ተወው" አለው ኦንትሬ። "ለእነዚህ አያስፈልግም።"

"ለምን?"

"አባቴ አጽድቷቸዋል።"

"አባትህ መሮ ነበረው እንጂ ማሽን አልነበረውም።"

"ዓይን ነበረው።"

"ሦስት ደቂቃ ነው ኦንትሬ። ማሽኑ አይናከስም።"

"በአባቴ ሥራ ላይ ማሽን አላሳልፍም። አንተ ብትሆን ታሳልፋለህ?"

በእኛ መንደር አባት ጨርሻለሁ ብሎ ያስረከበውን ልጅ ዳግመኛ አይፈትሽም። የእርሻ ድንበር ይሁን መረብ ይሁን የጀልባ ስፌት፣ አባት ደህና ነው ካለ ደህና ነው። በሕይወት ያለን አባት መፈተሽ ድፍረት ነው፤ የሞተውን መፈተሽ ደግሞ እሱ በሌለበት ዋሽተሃል እንደማለት ነው። ስለዚህ ታውኖ፣ "እውነትህን ነው፤ እኔም አላሳልፍም" አለው። በማግስቱ ለመሰንጠቅ እሱ እንደማያስፈልግ ተስማሙ፤ የሚፈተሽ ነገር የለም። ማሽኑን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሐሙስ ኦንትሬ መጋዙን ያስነሳው ስድስት ሰዓት ግድም ነው። ታውኖ ቤቱ ሆኖ ድምፁን ይሰማ ነበር። የመጀመሪያውን ግንድ ጎን ለጎን አራት ጊዜ ገፎ አራት ማዕዘን አደረገው፤ የተገፈፉት ልጣጮች በሥርዓት ተደርድረዋል። ከዚያ የመጀመሪያውን ጣውላ ጀመረ። ስምንት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ድምፁ ተቋረጠ። ታውኖ ጥርስ እየቀየረ ነው ብሎ ገመተ። ሳይቀጥል ሲዘገይበት ምሳ እየበላ ነው አለ። አሥር ሰዓት ላይ ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ግንዱ ውስጥ የነበረው መንጠቆ ነው፣ አሥራ አንድ ሳንቲም ርዝመት ያለው፣ የመስክ ስልክ ሽቦ የሚንጠለጠልበት። ወታደሮች በ1942 መትተው ያስገቡት ነው። አባታችን ጥዶቹን ሲመረምር አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሙጫው ደርቋል፣ ቅርፊቱ ከድኖታል፣ የሚያነባ ቁስል የለም። የስልኩ መስመር የሚያልፍበትን ንድፍ በኋላ አገኘሁት። ግቢያችን ላይ ያሉት ጥዶች በላዩ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ንድፉ ከምሠራበት ጠረጴዛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ባለው መደርደሪያ ላይ ነበር። ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የተሰበረው ጥርስ ከብረቱ ከለላ በላይ አልፎ ከአገጩ ሥር አንገቱን መታው። ፖሊሱ እንደጻፈው ትራክተሩ የተገኘው ሞተሩ ጠፍቶ ነው። ይህ ማለት ኦንትሬ ከተመታ በኋላ ከቆመበት ተነስቶ፣ በቺንጋው ዙሪያ ዞሮ፣ አምስት እርምጃ ሄዶ ማጥፊያውን ስቧል። ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሶ ከብረቱ ጋር ተደግፎ ተቀምጧል። ታውኖ ያገኘው እንደዚያ ነው፤ ቆቡ ጉልበቱ ላይ ነበር። ሐኪሙ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የቆየው ብሏል። ስንት እንደሆነ አልጻፈም።

ለእናታችን የነገርኳት እኔ ነኝ፣ አርብ ጠዋት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝ።

"መጋዙን አጥፍቶታል?" አለች።

"አጥፍቶታል፣ እማ።"

"ደግ አደረገ።"

ሰኞ ኦክቶበር 12 ሲስተር ኬርቱ ወደ ሙስታላምፒ አልሄደችም። ክፍሉ በእናታችን ስም ቀጠለ። በቀጣዩ ፌብሩዋሪ እዚያው አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ ታውኖ ማሽኑን ይዞ መጣ። በቀሩት ሁለት ግንዶች ላይ ከሥር እስከ ጫፍ፣ ከሁሉም አቅጣጫ አሳለፈው። ምንም ድምፅ አልነበረም። ከአባታችን እጅ ያመለጠ አንድም ፍንጣሪ የለም። ታውኖ ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ ማሽኑን መሬት ላይ አስቀመጠው።

"ሦስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው" አለ። "እኔ ደግሞ እውነትህን ነው አልኩት።"

"እውነቱን ነበር" አልኩት።

"እኮ።"

የዚያን ሐሙስ ጠዋት ኦንትሬ መጋዙን ከማስነሳቱ በፊት ምን እንዳደረገ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም፤ ሁሉም ሰው ያስታውሰዋል። በአንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ከሙስታላምፒ ተነሳ። ሾፌሩ መጋዙ እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቀው "ይሠራል" ብሎታል። ሁለት ሰዓት ላይ እናታችን ካለችበት ከተማ ሲደርስ ጫማ ሰሪው ገና ሱቁን እየከፈተ ነበር። ኦንትሬ ከሳምንት በፊት የእናታችንን ጥቁር ጫማ ሰጥቶት ነበር። ከስብራቱ በኋላ የግራ እግሯ አጥሮ ስለነበር የግራው ሶል በሁለት ሳንቲም ከፍ እንዲል አዟል። ጫማ ሰሪው ደረሰኙን አሳይቶኛል፤ "ግራ፣ 2 ሳንቲም፣ ለአዲሱ ቤት ደረጃ" ይላል። ኦንትሬ ሁለቱን ጫማ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቁሞ በኪሱ በያዘው ሜትር ለካቸው፤ ልክ ነው አለ፤ ከፈለ።

አረጋውያኑ ቤት ሲደርስ እናታችን ቁርሷን ጨርሳ ነበር። ተንበርክኮ አጠለቀላትና ክሮቹን አሰረ። ክንዱን ይዛ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ ክንዱን ለቅቃ እንደገና ሄደች። ሲስተር ኬርቱ በራፏ ላይ ቆማ አይታታለች።

"ይመችሻል?" አላት።

"የቀኙ ትንሽ ይጠባል።"

"ይለሰልሳል።"

የቀኙን ክር አላላው፤ ጫማዎቹን አውልቆ አልጋዋ ሥር አፍንጫቸውን ወደ በሩ አድርጎ አስቀመጠላትና በአራት ሰዓት ከአሥሩ አውቶቡስ ተመለሰ።